አይዞሽ የማይባልበት በረዶ

የሚኒሶታ በረዶ ከወደቀበት አይነሳም። ብዙ ክረምት አብሬው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ይወርዳል፣ በመኪና ይገፋል፣ ይቆለላል፣ ይጠቁራል፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ ፓርኪንጉ ጥግ ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሞ ይከርማል። ሰው የሚጎዳው በራሱ አረማመድ ነው። እግሬን ሰብሰብ አድርጌ ከረገጥኩ ምንም አያደርገኝም ብዬ ነበር የምኖረው። በረዶ ራሱ ተነስቶ ሰው ላይ እንደሚሄድ የነገረችኝ የልጅ ልጄ ናት።

እሷ እዚሁ ነው የተወለደችው። ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ታነሳለች፤ የምትኖረው ሮዝቪል ባለው አፓርትመንታችን ከእናቷና ከእኔ ጋር ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ደስ ሲላት ትናገራለች፣ ስትናደድ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ክረምት እራት ቀርቦ ሳለ፣

«የሚመጣው ሳምንት ሞንታና እንሄዳለን» አለች።

«እዚያ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ተራራ ነው ያለው። በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰረው ረጅም ሳንቃ፣ እንወጣለን፣ ከዚያ እንወርዳለን።»

«ለምን ትወጣላችሁ?»

«ለመውረድ።»

እናቷ ሳቀች። «እማ፣ ተያት። እሷ ደረጃም በሰላም ወርዳ አታውቅም።»

«ሰው የሚያወጣ ወንበር አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩ።

«እሱ ሪዞርት ነው፣ እማማ። እኛ የምንሄደው ማንም ወደማይጠብቀው ተራራ ነው። እንዳያንሸራትተን ስኪው ሥር ቆዳ እንለጥፍና በእግራችን ነው የምንወጣው። ኮርስ ወስጃለሁ። የአቫላንሽ ኮርስ።»

በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኋት፤ አላወቀችውም። እናቷ ናት አጎንብሳ፣ ወደ ሳህኗ እያየች፣ «የበረዶ ናዳ» ያለችው። እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ናዳ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዝናብ የጠገበ ተራራ አንድ ጎኑን ለቆ መንገድና ቤት ሲሸፍን አይቻለሁ፤ ወንዶቹ ሲቆፍሩ፣ ከዚያ መቆፈራቸውን ሲያቆሙም አይቻለሁ። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

ልጅቷ ግን ልታስረዳኝ ተነሳች። የኬክ መጋገሪያውን ትሪ አወጣች፤ ስኳሬን ከጣሳው ገልብጣ ትሪው ላይ በተነች፤ ከላዩ ዱቄት ነፋችና በመዳፏ ጠፍጠፍ አድርጋ አመቻችታ ጫነችው። ከዚያ ትሪውን ቀስ እያለች አዘነበለችው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። በጣቷ ጫፍ አንድ ቦታ ነካ ስታደርገው ዱቄቱ በአንድ ላይ፣ እንደ ሳንቃ፣ ተሰነጠቀና ሙሉው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።

«አየሽ? ዱቄቱ ጥፋት የለበትም። ከሥር ያለው ስኳር ነው የማይዘው። መጀመሪያ የወረደው ስስ በረዶ ብርድ ሲበላው እንደዚህ ስኳር ይሆናል። በኋላ የሚመጣውን በረዶ ነፋስ ከላዩ ይጭነዋል።»

«ከላይ የሚያየውስ ሰው?»

«ከላይ ሲያዩትማ ቆንጆ ነው።»

«እንግዲያው እጅ ለእጅ ተያያዙና እለፉ» አልኳት። እኛ የሞላ ወንዝ የምንሻገረው እንደዚያ ነው። ጠንካራው ከላይ በኩል፣ ልጆችና አሮጊቶች ከመሃል፤ አንዱን ውኃ ቢያስተው ሌላው ይይዘዋል። ብቻውን የሚሻገር እብድ ነው ወይም ሰው የጠላው ነው።

ሳቀችብኝ። «አንድ በአንድ ነው የሚታለፈው፣ እማማ። አንዱ ሲያልፍ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ።»

«ቆመው ያያሉ?»

«አዎ። ሁላችንም ከተያያዝን ሁላችንም እንቀበራለን። ማን ይቆፍራል?»

ይህን ያለችው ከጠረጴዛው ላይ ዱቄት የተቀላቀለ ስኳር እየላሰች ነው። እኔም ወደማውቀው ነገር ዞርኩ። መጀመሪያ የሚያልፈው ማነው? አንድ ረጅም ልጅ ነው፣ ልምድ ያለው እሱ ነው፣ መኪናውም የሱ ነው። መንገዱን የሚመርጠውስ? እሱ። አይሆንም የሚለውስ?

«ማንም ሰው ይችላል። ሕጉ ነው። ከአራታችን አንዳችን እምቢ ካልን ሁላችንም እንመለሳለን፤ ለምን አይባልም።»

«አንቺ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ትሪውን ማጠብ ጀመረች። «እኔ አዲስ ነኝ» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈራው ተራራውን ብቻ አልነበረም። ይህች ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሰው እንዳይከፋው ብላ የራሷን ድርሻ የምትሰጥ ናት። አራት ሰው ቆሞ ሦስቱ እንሂድ ሲሉ እሷ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ሕግ አለ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ሌላ ነው።

ከመሄዷ በፊት ፓርኪንጉ ውስጥ ልምምድ አደረግን። ደረታቸው ላይ የሚያስሩት መሣሪያ አላቸው፤ ቢከን ይሉታል። የተቀበረ ሰው ላይ ያለው ምልክት ይልካል፣ የፈላጊው ደግሞ በቀስት ይመራዋል። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝና የበረዶው ክምር ውስጥ ቅበሪው፣ እኔ ዞሬ እቆማለሁ አለችኝ። ክምሩ ላይ ጉድጓድ ቆፈርኩ። መሣሪያው መዳፌ ላይ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል፤ ትንፋሽ ያለው ነገር ይመስላል። አላስቻለኝም። ጉድጓዱን ባዶውን ደፈንኩና ዕቃውን ካፖርቴ ውስጥ፣ ብብቴ ሥር ከተትኩት።

ክምሩን ዞረች፤ ቀስቱ ግን ወደ እኔ እየመለሰ አስቸገራት። ዞራ ዞራ ደረቴ ላይ መጥታ ቆመች።

«እማማ፣ ቀብረሽዋል?»

«ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጬዋለሁ።»

«የምቆፍረው አንቺን ነው ማለት ነው?» አለችና አካፋዋን ወደ እኔ አነሳች። የጎረቤታችን ውሻ ሁለታችንን እያየ ጮኸ። ያን ቀን ደህና ሳቅን።

ረጅሙ ልጅ ሊወስዳት መጣ። ኢገን የሚባል ከተማ ልጅ ነው፣ ጢም አለው፣ ጫማውን በራሱ ፈቃድ አወለቀ፤ ይህን ወደድኩለት። ሌሎቹ ሁለቱ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ መኪና ውስጥ ቀሩ። በሩን ሳልለቅ ቆምኩና ለልጅ ልጄ፣ «ንገሪው» አልኳት። «አንቺ እምቢ ካልሽ ሁላቸውም ይመለሱ እንደሆነ አያቴ ጠይቃለች በይው።»

ወደሱ ዞራ አንድ አጭር ነገር ተናገረች። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ «ቢ ሴፍ» ተጠንቀቁ ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

«እሱን አላልኩም» አልኳት። «ያልኩትን በይ።»

«እማማ፣ በናትሽ። መኪናው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ።»

ፊቷ ቀላ። ነገረችው። ልጁ ኮፍያውን አወለቀና እኔን እያየ መለሰ።

«መቶ በመቶ ይላል» አለች።

«እኔን ለምን ያያል? ለአንቺ ይበልሽ።»

እሱም አላት። ከበሩ ራቅሁ።

ከመሄዷ በፊት ስልኬ ላይ የዚያን ተራራ የበረዶ ማስጠንቀቂያ ከፍታልኝ ነበር። በየጠዋቱ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ስነካው ወደ አማርኛ ይገለብጠዋል። «ይህን ቼክ አድርጊ፤ እኔ ጋ በየሰዓቱ አትደውይ» ብላኛለች። የመጀመሪያው ቀን «አደጋ፦ መካከለኛ» ይል ነበር። በማግስቱ «አደጋ፦ ግምት ውስጥ የሚገባ» አለ።

ይህችን አባባል አውቃታለሁ። አገር ቤት ቀበሌ የቤት ጉዳይ ይዤ ስመላለስ የኖርኩት በሷ ነው። «ጥያቄዎ ግምት ውስጥ ይገባል» ይሉኛል፤ ትርጉሙም ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ ምንም አይመጣም ማለት ነው። ስለዚህ አደጋውም ከዚያ ወገን መሰለኝ፤ ስሙ ተጠርቶ የማይመጣ። ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርሴን ደህና አድርጌ በላሁ።

ልጄ፣ የሷ እናት፣ ከምትሠራበት ነርሲንግ ሆም አድራ ገባች። ቦት ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማ ሳለች ስልኩን አሳየኋት፣ ደስ ብሎኝ። ወደ እንግሊዝኛው መለሰችውና ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እማ፣ ይሄ አንቺ እንዳሰብሽው አይደለም። ከአምስቱ ሦስተኛው ደረጃ ነው።»

«ሦስት መሃል ነው።»

«መሃል አይደለም። ራሷ ነግራኛለች። አራትና አምስት ሲሆን ሰው ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚሞተው በሦስት ነው። ይቻላል ብለው ስለሚወጡ።»

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። የተጠረገ ምንጣፍ እንደገና ጠረግሁ። ልብስ ላጥብ ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ፣ ሳሙናውን ረስቼ ወጣሁ፣ ሳሙናውን ይዤ ወረድኩ፣ ልብሱን ረስቼ ነበር። ልጄን እንዳልቀሰቅስ ብዬ ወጣሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ሚኒያፖሊስ ደረስኩ፤ የምሄድበት ስላልነበረኝ መንገዱን ተሻግሬ በተቃራኒው አውቶቡስ ተመለስኩ። በመስኮት የማየው የሰው ጣሪያ ብቻ ነው። የትኛው ጣሪያ እንደሚያዘነብል፣ የትኛው ላይ ነፋስ በረዶ እንደከመረ እመዝናለሁ። ከዚያ በፊት ይህ አገር ለጥ ያለ ሜዳ ነው ብዬ ሳማርር ነበር፤ ያን ቀን ሜዳነቱን ወደድኩለት፣ ግን ልጅቷ አልነበረችበትም።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች።

«እማማ» አለች፤ በአማርኛ። ጓደኞቿ ባሉበት አማርኛ አትናገርም። ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይገባል።

«የት ነሽ?»

«ግማሽ መንገድ ወጥተናል። ዛፎቹ ካለቁበት ጉብታ ላይ ነን፤ ስልክ የሚይዘው እዚህ ብቻ ነው። እየበላን ነው። ከዚህ በኋላ ትልቁ ገደል ነው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አይዞሽ በይኝ።»

«ምን አይተሽ ነው?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ምንም እንኳ እዚያ አማርኛ የሚሰማ ባይኖርም። «ስንረግጠው ድም ይላል፣ ከሥር የሆነ ነገር የሚወድቅ ይመስል። ከስኪዬ ጫፍ ስንጥቅ ሮጠ፣ እስከዛፉ ድረስ። ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ነበር፤ በረዶውን ሁሉ እኛ ልንወጣበት ባለው ፊት ላይ ጭኖታል።»

«ለነሱ ነገርሻቸው?»

«ያዩታል እኮ። ግን ሌሎች ሰዎች ከፊታችን ወጥተዋል፣ ምንም አልሆኑም። ሁሉም አይዞሽ ነው የሚሉኝ፣ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ። ካንቺ ልስማውና ልሂድ።»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ምጥ ለያዛት ሴት፣ መርፌ ለሚወጋ ሕፃን፣ ሻንጣ ይዞ ኤርፖርት ለቆመ ሰው፣ ለሁሉም ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ ስልኩን ይዤ ነው የታየኝ፤ አይዞሽ የሚባለው ወደ ፊት ለሚሄድ ሰው ነው። ተመለስ የተባለን ሰው አይዞህ የሚለው የለም።

«አልልሽም» አልኳት።

«እናንተ ሁሉን ነገር በሱ አይደል እንዴ የምታልፉት?» አለች። ተቆጥታለች።

«እሱ መመለሻ ያጣን ጊዜ ነው። አንቺ መመለሻ አለሽ።»

«እሺ ስፒከር ላይ ላድርግሽ። አንቺ ንገሪያቸው።»

እንዴት እንደፈለግሁ። ባለችኝ እንግሊዝኛ ያን ተራራ በድምፄ አነቃንቀው ነበር። «እኔ ከተናገርኩ የአሮጊት ፍርሃት ነው የሚሉት» አልኳት። «ስንጥቁን ያየሽው አንቺ ነሽ። መቶ በመቶ ብሎ ቃል የገባው ላንቺ ነው። ባፍሽ በይው።»

«ይጠሉኛል።»

«ይጥሉሽ።»

ስልኩ ተቋረጠ። እሷ ትዝጋው ነፋሱ ይቁረጠው አላወቅሁም። ደግሜ ብደውል አይነሳም። መስገጃዬን ዘረጋሁ፣ ምን ያህል እንደሰገድኩ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ከቀትር በኋላ መልእክት ገባ፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው፣ አንድ በአንድ ነው የማነበው። «ተመልሰናል» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

ቤት ስትገባ ሻንጣዋን በሩ ላይ ጥላ አልፋኝ ሄደች። በኋላ፣ ሻይ ስሰጣት፣ ነገሩን በእንግሊዝኛ ጀመረችው፤ መሃል ላይ ወደ አማርኛ መጣች። እምቢ ብላቸዋለች። ረጅሙ ልጅ ለምን አላላትም፤ ስኪውን አዙሮ ቁልቁል መሄድ ጀመረ። መኪናው ጋ ደርሰው ቀና ሲሉ፣ ከፊታቸው የወጡት ሰዎች ያንን ገደል ከላይ እስከታች እየጮሁ፣ እየሳቁ ወረዱት።

«ምንም አልተናደም፣ እማማ። ምንም። እኛ እታች ቆመን አየናቸው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሙዚቃ ነው፤ ማንም አላናገረኝም። ያቺ አብራን የነበረችው ልጅ ‹የአያትሽ ትንበያ› ብላ ቀለደችብኝ። እሱ ዝም ብሎ ነድቷል።»

«ስንጥቁ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ድም አላለም?»

«ብሏል። ግን አልወረደም።»

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ቢወርድ ኖሮ እሷ አስተዋይ ነበረች፤ አራት እናቶች እጇን ይስሙ ነበር። ስላልወረደ ፈሪ ሆነች። ያልሆነ ነገር ምስክር ሆኖ ፈረደባት። እንደዚህ ያለ ዳኝነት የትም አላየሁም፤ ብዙ ዓይነት ዳኛ ፊት ቆሜ አውቃለሁ።

ጥቂት ሳምንት አለፈና ልጅቷ ጓደኞቿ እንደገና ሊሄዱ መሆናቸውን ሰማች፤ ከነሱ አይደለም፣ ከሌላ ሰው። ረጅሙን ልጅ ጠየቀችው። መኪናው ሞልቷል አላት። ያው መኪና ነው፣ ያው አራት ወንበር፤ በሷ ቦታ ሌላ ልጅ ተቀምጧል።

ኢገን ውሰጂኝ አልኳት ልጄን።

«እማ፣ ልጅቷ ትልቅ ሰው ናት። ሄደሽ ልትጣይላት ነው?»

«ልጠይቀው ነው።»

«አንቺ ስትጠይቂ ያው ነው» አለችኝና ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወደ ኢገን ያለ መኪና መሄድ ደግሞ ቀን ይጨርሳል። ቀረሁ፤ ሆዴ ግን አልቀረም።

የወጡ ቀን ልጅቷ ቤት ነበረች። ጠዋት ማስጠንቀቂያውን ከፈተችና ሳልጠይቃት ራሷ በአማርኛ አነበበችልኝ። አሁንም ሦስት ነው። ነፋስ አለ፤ የቆየው ስኳር ከሥር እንዳለ ነው። ስልኩን ዘጋችው፣ ከፈተችው። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ፍሪጅ ከፍታ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። ሁለታችንም በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ስንተላለፍ ትከሻችን ይነካካል።

«አሁን እላይ ናቸው» አለች።

ፊቷን አየሁት። «እንዲወርድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ትክዳለች ብዬ ነበር። «ሰው ሳይነካ» አለች። «ከጎናቸው። ትንሽ። እንዲያዩት ብቻ።»

«ትንሽ ተብሎ የሚታዘዝ ናዳ አለ?»

«የለም።» ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «የለም፣ እማማ። አውቃለሁ።»

አልተቆጣኋትም፤ እኔም ከነጋ ጀምሮ ያንኑ ነበር በልቤ የምለው። ኢገን ውስጥ ስልኳን ይዛ ክፍል ለክፍል የምትዞር እናት እንዳለችው ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ዙሁር ደረሰ። አብረን ሰገድን። ለዚያ ልጅ ዱዓ አደረግሁ፤ የአባቱን ስም ስለማላውቅ ረጅሙ፣ ጢም ያለው፣ ጫማውን በሩ ላይ ያወለቀው እያልኩ ነው ለአላህ የነገርኩት። ለአዲሱም ልጅ፣ ለቀላጇም።

መልእክቱ ሲመጣ ልጅቷ ዘላ ያዘችው። «ወርደዋል። ደህና ናቸው።» ፎቶውን አሳየችኝ፤ አራት የቀላ ፊት፣ ከኋላቸው ያ ገደል፣ ገደሉ ላይ የስኪያቸው መስመር እንደ ክር። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከልቤ ነው። ንዴቴ ግን እዚያው ቆሞ ነበር፤ የነሱ ደህና መሆን አላስቀመጠውም።

«ጻፊለት» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«መጀመሪያ እንኳን ደህና ወረዳችሁ በይው። ከዚያ መኪናው የሞላብኝ እምቢ ስላልኩ ነው ወይ በይው። እንደዚያው።»

«እንደዚያ አይጻፍም።»

«እንዴት ነው የሚጻፈው?»

አሰበች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ በአማርኛ አነበበችልኝና ላከችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጠችው፤ ሁለታችንም አጎነበስንበት። ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ።

«እየጻፈ ነው» አለች።

ነጥቦቹ ጠፉ።

«መጻፉን ተወው» አለች።

ተነስቼ የታጠፈውን ልብስ ዘርግቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

«እንደገና ጀመረ» አለች ከኋላዬ፤ «ረጅም ነገር ነው የሚጽፈው መሰለኝ»፤ ትንሽ ቆይታም፣ «አይ፣ ቆመ።»